በነፃ የመጣ ሲበላሽ

ከእብናት ደብረ ታቦር በምትሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊና የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀምጠዋል።

«ዞኑ ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩበትን ዊንዶውስ እንዲገዛልን የጻፍኩት ደብዳቤ ይኸው» አሉ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ እንደ ዊንዶውስ የሚሠራው ሊኑክስ እያለ? እሱ እኮ በነፃ ነው» አለች ልጅቱ።

«በነፃ የመጣ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል?»

«በተሰረቀ የዊንዶውስ ኮፒ ስንሠራ የገበሬው የይዞታ መዝገብ በቫይረስ ሲጠፋስ ማን ተጠየቀ?»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ሠራተኛው ግራ ይጋባል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር አልለምድም።»

«ለምደዋል።»

«ምኑን?»

«የእርስዎ ኮምፒውተር ከፋሲካ ወዲህ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። መልኩን አመሳስዬ እኔው ጫንኩት።»

«ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት?»

«እሱው ነው።»

መውረጃዬ ደርሶ «ወራጅ አለ» ልል የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት።