ጀፎረው ለምን እንደተቃጠለ

የምስክር ቃል

ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3:20
ቦታ፦ አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ምርመራ ክፍል
የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሀስና ባህረዲን ሸምሱ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ሸማ ተራ የጋቢና የነጠላ ንግድ
መኖሪያ አድራሻ፦ አዲስ ከተማ፣ አማኑኤል አካባቢ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ሳምራዊት ሰብሐት

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ የበረቅ ተራራ የሚገኝበት ወረዳ ፖሊስ በደብዳቤ ባቀረበው ጥያቄ መሠረት ተጠርቼ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በተራራውና ከሥሩ ባለው የትውልድ መንደሬ ስለደረሰው ቃጠሎ ያየሁትንና በእጄ የሠራሁትን እናገራለሁ። እሳት በመለኮስ ተጠርጥረው የታሰሩትን የ71 ዓመት አዛውንት አቶ ወልደ ሚካኤል ሽርጋን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የአባቴ ጎረቤት ናቸው፤ ዝምድና የለንም፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። አቤቱታ ያቀረቡትን አቶ ይስሐቅ ወርጋንም አውቃቸዋለሁ፤ ጠብ የለንም።

ወደ መንደሩ የሄድኩት እሑድ የካቲት 9 ቀን ለሚደረገው የወንድሜ ልጅ የሀፍሷ ሠርግ ነው። ሐሙስ የካቲት 6 ቀን ከመርካቶ የተነሳሁት ለሠርጉ የሚሆን 31 ጋቢ በሁለት ጆንያ አሳስሬ ነው። ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ራሴ መርጬአቸዋለሁ። መንደሩ ስደርስ ያየሁት ድርቅ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው። ከጥቅምት ወዲህ ዝናብ ጠብ አላለም። ሣሩ ሲረገጥ ይሰበራል። ምንጩ ቀጥኖ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ሩብ ሰዓት ያስጠብቅ ነበር። በተራራው ራስ ላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦም ከሥሩ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። አስታ ሲደርቅ ዘይት እንደተቀባ ነው የሚነደው፤ በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎቹ ማንም ሰው ክብሪት ይዞ ወደ ተራራው እንዳይወጣ አስቀድመው አስነግረው ነበር።

ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ በወንድሜ ግቢ ዳስ እየተጣለ ነበር። አቶ ወልደ ሚካኤል ግራ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተቀምጠው ምሰሶ የሚተክሉትን ሰዎች ያርሙ ነበር። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ጋቢዎቹን አጥፋለሁ። በዚህ መካከል ቀና ብለው ወደ ተራራው ተመለከቱና፣ «ሀስና፣ ዓይኔ ነው ወይስ ደመና ነው?» አሉኝ። እኔም አይቼ፣ «ጋሼ፣ ደመናስ አይደለም» አልኳቸው። ጭሱ ከተራራው ጫፍ ከአስታው መሐል ይወጣ ነበር። ወዲያው ሱቅ ለቀረው ባለቤቴ ለአቶ ፉርቃን ደውዬ ተራራው መያያዙን ነገርኩት። የደወልኩበት ሰዓት በስልኬ ላይ 11:12 ይላል፤ ይኸውም ከረፋዱ 5:12 ነው፤ ስልኩን ለመርማሪዋ አሳይቻለሁ። ከመንደሩ እስከዚያ ጫፍ ለጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። አቶ ወልደ ሚካኤል ከንጋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከዓይኔ አልራቁም። የተራራውን እሳት ማን እንዳስነሳው አላውቅም፤ እሳቸው እንዳላስነሱት ግን አውቃለሁ።

ጉልበት ያላቸው ሰዎች ቅጠል እየያዙ ወደ ላይ ወጡ። 7 ሰዓት ላይ አንዱ ሮጦ ተመልሶ ነፋሱ እንደዞረ፣ እሳቱም ቁልቁል እየወረደ በመሆኑ ሊቀርቡት እንዳልቻሉ ነገረን። ሽማግሌዎቹ በጀፎረው ራስ ላይ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ጀፎረ ምን እንደሆነ ስለጠየቁኝ፣ በቤቶቻችን መካከል የሚያልፍ፣ ሠርግም ልቅሶም ሽምግልናም የሚካሄድበት ሰፊ የሣር መስክ ነው ብያለሁ። ማንም አጥሩን አይገፋበትም፣ ማንም አያርሰውም፤ ከአያቶቻችን የቆየ ሕግ ነው። የላይኛው ጫፉ ከተራራው ግጦሽ ጋር ስለሚገናኝ የደረቀው ሣር ከተራራው እስከ ደጃችን ሳይቋረጥ ይደርሳል።

አቶ ወልደ ሚካኤል፣ «እሳቱ የሚወርደው በዚህ ሣር ነው። የጀፎረውን ራስ እኛ ቀድመን እናቃጥለው፤ ሲመጣ የሚበላው ይጣ» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ጀፎረ የሚያቃጥል ሰው በዚህ መንደር አልተወለደም» ብለው መለሱ። አቶ ወልደ ሚካኤልም፣ «እንግዲያው ያ ሰው እኔ ልባል። ሣር በክረምት ይበቅላል። ሀፍሷን ነገ ከየትኛው ቤት ልናስወጣት ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ ሰው አልነበረም፤ እሺ ያለም አልነበረም።

እሳቸው በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር የተራራ ግጦሽ ያቃጥሉ ስለነበር የእሳትን ጠባይ ያውቃሉ። ሣሩ በስፋቱ ከቀኝና ከግራ ጫፍ እኩል ካልተለኮሰ የሚወርደው እሳት በአንዱ በኩል ዞሮ እንደሚገባ አስረዱን። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው። «በዚህ በኩል እኔ አለሁ። በዚያኛው ማን ይሮጣል?» ብለው ጠየቁ። እኔም እሮጣለሁ አልኩ። «አንቺ የከተማ ሰው ነሽ» አሉኝ። «ጋሼ፣ መርካቶ ስሮጥ ነው የኖርኩት» አልኳቸው። የሚነድ የችቦ እንጨት ሰጡኝና ነፋሱ ጋብ ሲል እጃቸውን እንደሚያነሱ፣ ከዚያ በፊት እንዳልለኩስ አጥብቀው ነገሩኝ።

በግምት 7:30 ላይ እጃቸውን አነሱ። እሳቸው የቀኙን ጫፍ፣ እኔ የግራውን ጫፍ ለኮስን። እሳቱ ወደ ቤቶቹ እንዳይመለስ ሴቶች ከታች ተሰልፈው በእርጥብ ቅጠል ይመቱት ነበር። አያቴ የተዳረችበትን፣ አባቴ የተለቀሰበትን መሬት ነው ያቃጠልኩት። እሳቱ ሽቅብ ወጥቶ መሬቱን አጠቆረው። ሲወጣም የአቶ ይስሐቅን 14 ባሕር ዛፎች ይዞ ሄደ። አቶ ይስሐቅ በዚያ ሰዓት ከብቶቻቸውን ይዘው ከገደሉ ማዶ ነበሩ። አዛውንቱ ሲለኩሱ አየሁ ማለታቸው እውነት ነው፤ ውሸታም አልላቸውም። ነገር ግን እሳቸው ከነበሩበት የሚታየው ጀፎረው ብቻ ነው፤ ተራራውን ጉብታው ይከልለዋል፣ ጭሱም ሸለቆውን ሞልቶት ነበር። ጭሱ ሁሉ ከእኛ እሳት የመጣ ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም።

ከ8 ሰዓት በኋላ የተራራው እሳት ጉብታውን አልፎ ታየ። ፍንጣሪው በነፋስ እየተወሰደ ከጠቆረው መሬት በላይ አልፎ በሣር ክዳኖች ላይ መውደቅ ጀመረ። ሰዎች ያላቸውን ጥቂት ውሃ ወደ ጣሪያ ሲረጩ ውሃው እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር፤ የሣር ክዳን የሚሠራው ውሃ እንዳይዝ ነውና። ጋቢ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይለቅም፤ ይህንን ከሥራዬ አውቃለሁ። ሁለቱንም ጆንያ ጎትቼ አውጥቼ 31ዱንም ጋቢ ለሠርጉ ውሃ በተጠራቀመበት ገንዳ ውስጥ ነከርኩ። ሙሽራዋ ሀፍሷ ሂናዋ ሳይደርቅ መጥታ አብራኝ ነከረች። «የሠርጌ ነበር እኮ፣ አክስቴ» አለችኝ። «አሁንም የሠርግሽ ነው» አልኳት። መሰላል የያዙ ሰዎች ለተራራው ቅርብ የሆኑትን ሰባት ቤቶች ከጉልላታቸው ጀምሮ አለበሷቸው፤ ሲደርቅ እያወረዱ ደግመው ይነክሩ ነበር። ጋቢ ስሸጥ 29 ዓመቴ ነው። ለሚኒስትርም ለሙሽራም ሸጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያማረ ነገር አልብሼ አላውቅም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እሳቱ ጀፎረው ራስ ድረስ መጥቶ የሚበላው ሲያጣ ሞተ። አንድ የጭድ ክምርና የአንድ ቤት አጥር ከመቃጠላቸው በቀር ከቤት ቤት፣ ከሰው ሰው፣ ከከብትም ከብት አልጠፋብንም። አቶ ወልደ ሚካኤል ቀኝ እጃቸው ተቃጥሏል፤ እስከ መጨረሻው ግን ከቦታቸው አልተነሱም። ሠርጉ በማግስቱ በሰዓቱ ተደረገ። ጋቢዎቹ ፍንጣሪ የበሳቸው ስለነበሩ ለሽማግሌዎቹ ሌላ ፈልጌ እንደምልክ ስነግራቸው እምቢ ብለው የተበሳውን ለብሰው ሙሽራዋን መረቁ። መጀመሪያ የተነሱት፣ ጀፎረ የሚያቃጥል አልተወለደም ያሉት ሽማግሌ ናቸው፤ አቶ ወልደ ሚካኤልንም ከቀኛቸው አስቀመጧቸው። ሰኞ የካቲት 10 ቀን እኔ ወደ አዲስ አበባ በመንገድ ላይ ሳለሁ መታሰራቸውን በስልክ ሰማሁ።

እዚህ ላይ መርማሪዋ፣ አቶ ወልደ ሚካኤል በወረዳው ፖሊስ በሰጡት ቃል ሁለቱንም ጫፍ ብቻቸውን እንደለኮሱ፣ ማንም እንዳላገዛቸው መናገራቸውን ነግረውኛል። ራሴን ሊያስከስስ የሚችል ቃል ለመስጠት እንደማልገደድና ስለ ግራው ጫፍ የተናገርኩት እንዲቀር ከፈለግኩ ከመፈረሜ በፊት መናገር እንደምችልም አስረድተውኛል። የሚከተለውን መልስ ሰጥቻለሁ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ይህንን ያሉት ስሜ በፖሊስ ወረቀት ላይ እንዳይገባ ብለው ነው፤ የጎረቤት ልጅ ነኝና። ያከበሩኝ መስሏቸው ነው። ነገር ግን ያ ጉልበት ሁለት መቶ እርምጃ እንደማይሮጥ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የሠራነው ወንጀል ከሆነ ግማሹ የእኔ ነው፤ ወንጀል ካልሆነም ክብሩን ብቻቸውን አይወስዱም። የግራውን ጫፍ የለኮስኩት እኔ ሀስና ባህረዲን ነኝ፤ ስሜ ከስማቸው ጎን ይጻፍልኝ። ወረዳው በጠራኝ ቀን ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያላየሁትን አየሁ አላልኩም፤ የሠራሁትንም አልካድኩም። ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ስለሆነ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሀስና ባህረዲን ሸምሱ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለች መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ሳምራዊት ሰብሐት (ተፈርሟል)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 4:55