ሐቢብ ከሙን ወደ መቃብር ገጽ ስለተዛወረበት ሁኔታ

የቃል ሰጪ ስም፦ ራድያ መስሙዲ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ስፋክስ፣ ግሬምዳ መንገድ፣ 4ኛው ኪሎ ሜትር
ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 4፡00

በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብለሽ አሰራጭተሻል ሲሉ ወይዘሮ ናጂባ ከሙን አቤቱታ እንዳቀረቡብኝና ክስ ሊመሠረትብኝ እንደሚችል ተነግሮኝ፣ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

እኔና ሌሎች ሃያ ሁለት ሰዎች ላለፉት ስድስት ዓመታት መርሳ ኑር የምትባል በእውን የሌለች የወደብ ከተማ ታሪክ በኢንተርኔት ላይ በጋራ እንጽፋለን። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይቀጥላል፣ ያርማል። በልማዳችን እያንዳንዱ ጸሐፊ በገዛ ስሙ አንድ ነዋሪ ያስገባል፤ እኔ የወደቡ መብራት ጠባቂ ነኝ። ሐቢብ ከሙን በከተማዋ ሰዓት ሠሪ ሲሆን፣ በእውነተኛው ኑሮው ጋቤስ ከተማ የሚኖር የመርከብ መካኒክ ነው።

ገጾቹ 412 ደርሰው ሁሉም በአንድ ዝርዝር ተከምረው ነበር። ዓሣ ሻጩ ከመስጊዱ ቀጥሎ፣ ጀልባው ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ። ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ አንጀቴ ያርራል። ስለዚህ ሰኞ ኖቬምበር 4 ቀን ገጾቹን በንዑስ ገጽ ማደራጀት ጀመርኩ። ሱቆቹን በገበያው ስር፣ ጀልባዎቹን በወደቡ ስር አስገባሁ። አንድ ገጽ በሌላው ስር ሲገባ ርእሱ የሁለቱንም ስም ይዞ ይጻፋል። በደንባችን አንድ ዓመት ያልተጻፈለት ነዋሪ እንደሞተ ይቆጠራል። ሐቢብ ለአሥራ አራት ወር ምንም ስላልጻፈ በከተማዋ መቃብር ገጽ ስር አስገባሁት፤ ርእሱም «መቃብር / ሐቢብ ከሙን» ሆነ። ለምን መጻፍ እንዳቆመ ለማወቅ በጣም ጓጉቼ ነበር፤ ግን ደውዬ አልጠየቅሁም። አንዱ ጥፋቴ ይህ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። በየገጹ ግርጌ «ይህ ፈጠራ ነው» የሚል መስመር ነበር። ያንኑ ቃል 412 ጊዜ መድገም ምን ይሉታል ብዬ ከንዑስ ገጾቹ ሁሉ አንሥቼ በዋናው ገጽ ላይ ብቻ ተውኩት። በማግስቱ ከጸሐፊዎቹ አንዱ፣ ሐቢብ በዝናብ እንደተቀበረና ቀባሪውም ጥቂት እንደነበረ ጽፎ ጨመረበት።

የሐቢብ እህት ወይዘሮ ናጂባ ይህን ዓርብ ኖቬምበር 8 ቀን በስልካቸው አነበቡ፤ ፈጠራ ነው የሚለው መስመር ስላልነበረ እውነት መሰላቸው። እህትና ወንድም ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል። ሐቢብ ባሕር ላይ ስለነበር የእናታቸው ቀብር አመለጠው፤ በአራተኛው ቀን ሲመጣ እህቱ በር ዘጉበት። አሁን ግን ወንድሜን ሳይነግሩኝ ቀበሩት ብለው፣ ደጃቸው ላይ ወንበር ደርድረው ለቅሶ ተቀመጡ። እሑድ ዕለት የአጎታቸው ልጅ የሐቢብን ባለቤት ሊያጽናና ወደ ጋቤስ ሲደውል ስልኩን ያነሣው ሟቹ ራሱ ነበር።

ረቡዕ ኖቬምበር 13 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እኔ፣ ወይዘሮ ናጂባና ሐቢብ በዚህ ፖሊስ ጣቢያ ቀረብን። እህትና ወንድሙ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው አልተያዩም። ስለ ንዑስ ገጽ ማስረዳት ስጀምር ወይዘሮ ናጂባ «አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ወንድም ቀብረሽ ዝርዝር አስተካከልኩ ትያለሽ?» አሉኝ። አፈርኩ። ሐቢብ ግን «ምነው ራድያ፣ ስትቀብሪኝ ፀሐይ ያለበት ቀን እንኳ አጣሽ?» ብሎ ቀለደብኝ።

መርማሪው ወይዘሮ ናጂባን ገጹን እንዴት ሊያገኙት እንደቻሉ ጠየቋቸው። እኔም ይህንኑ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። «በየዓርቡ ስሙን ኢንተርኔት ላይ እጽፍና አያለሁ» አሉ። «ደህና መሆኑን ለማወቅ ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

ከዚያ በኋላ ሐቢብ አልቀለደም። ስንወጣ ገጹን ከመቃብሩ እንደማወጣው ስነግረው «እስከ ዓርብ አትንኪው» አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ተይ እንጂ፣ ደግሞ ልታደራጂኝ ነው?» ብሎኝ ሄደ።

ትናንት ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አላስችል ብሎኝ ገጹን ከፈትኩት። ሐቢብ በመቃብሩ ስር ሌላ ንዑስ ገጽ ጨምሯል፤ ርእሱ «ለናጂባ» ይላል። የተጻፈውም ይህ ነው፦ «ለእማዬ ቀብር አልደረስኩም። ለራሴ ለቅሶ ግን ደርሻለሁ። በሩን ክፈቺልኝ።» ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ስሙን ያላስመዘገበ ሰው ከስሩ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ምሳ ኩስኩስ ነው። እንዳትዘገይ።»

ይህን መስመር ማን እንደጻፈው በዓይኔ ስላላየሁ አልመሰክርም። አቤቱታው ይነሣ አይነሣ አላውቅም። «ይህ ፈጠራ ነው» የሚለውን በ412ቱም ገጾች ላይ አንድ በአንድ መልሻለሁ። በ413ኛው ላይ ግን አላስገባሁም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሁለት ፊደል አሳርሜያለሁ፤ የቀረው እንዳለ የእኔ ቃልና እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ራድያ መስሙዲ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ኢንስፔክተር ቡበከር ዝዋሪ