እትዬ ፈንቴና ያልወለደችው ሐኪም

የሰሊጥ አጨዳው በተጋመሰበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባለቤቴን ለእርግዝና ክትትል መተማ ዮሐንስ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኳት። እሷ ምርመራ ክፍል ስትገባ እኔ ግቢው ውስጥ ከተሠራው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር አረፍ አልኩ።

አጠገቤ አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ዓይኗን ጨፍና አግዳሚው ላይ ጋደም ብላለች። እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማዋ አልገባ ብሏት አውልቃዋለች። እናቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ዕቃቸውን በችኮላ ይሸክፋሉ።

«ጨረሳችሁ እናቴ?» አልኳቸው።

«የለም፤ ግን እንሄዳለን። እዚህ ሆስፒታል ተኚ አሏት። ምኗን ታማ ነው የምትተኛው? ሙቀቱ ነው ራሷን ያመማት። ደግሞስ ተኚ ያለቻትን ሐኪም አይተሃታል? ልጅ እግር ናት! ወልደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት አልወለድኩም አለችኝ፤ ያውም ሳታፍር። እኔ ሰባት የወለድኩ፣ የአገሩን ሴት ሠላሳ ዓመት ያዋለድኩ ሰው ካልወለደች ልጅ ልማር?»

እትዬ ፈንቴ ይባላሉ። ከኮኪት ወዲያ ካለ መንደር በትራክተር ተሳቢ ተጭነው የመጡ የልምድ አዋላጅ ናቸው። ትሁን የምትባለው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ባሏ ለአጨዳ አብደራፊ ወርዷል። አነጋገራቸው ቁጣ ይመስላል እንጂ፣ በአንድ እጃቸው ዕቃ ሲሸክፉ ሌላው እጃቸው ከትሁን ግንባር ላይ አይነሳም ነበር።

እኔም መምህር መሆኔን ነገርኳቸው፤ እንደ መምህር ደግሞ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እትዬ ፈንቴ፣ የመንደራችሁ ትራክተር ሲበላሽ ማንን ትጠራላችሁ?»

«መካኒክ ነዋ።»

«መካኒኩ ትራክተር ሆኖ ያውቃል?»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ትሁንም ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች። ወዲያው ግን እትዬ ፈንቴ ኮስተር ብለው፣ «ሴት ልጅ ትራክተር አይደለችም፣ መምህር። ትራክተር ቢሞት ሌላ ይገዛል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ልጁን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው የዚያን እጅ ማንነት ቢጠይቅ ምን ጥፋት አለበት? ጥፋቱ መልሱን ሳይሰሙ መሄድ ነው።

ይህንኑ ልነግራቸው ስል ሐኪሟ ራሷ መጣች። ዶክተር የትናየት ትባላለች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እትዬ ፈንቴ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «እትዬ፣ ከመሄድዎ በፊት የቀረዎትን ጥያቄ ይጠይቁኝ። ልጅዎን ለማን እንደሚሰጡ ማወቅ መብትዎ ነው» አለቻቸው።

እትዬ ፈንቴ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«አባቴ ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ ገለጉ የቀረ የቀን ሠራተኛ ነበር። ያደግኩት እዚያው ነው።»

«ይሁን። ይሄን ሥራ ማን አስተማረሽ?»

«ጎንደር ስድስት ዓመት ሕክምና ተማርኩ። ከዚያ ሳንጃ ወርጄ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤ ወባውንም፣ ስብራቱንም፣ ሕፃኑንም ሳይ ቆየሁ። ከሁሉም የምጥ ነገር ያስፈራኝ ነበርና፣ ከምፈራው ልማረው ብዬ ተመለስኩ። አራት ዓመት ስለ ማህፀንና ስለ ጽንስ ብቻ ተማርኩ።»

«አሥር ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስታነቢ?»

«መጽሐፉ እንኳ ቀላሉ ነው። መጀመሪያ ቆሜ ሌሎች ሲያዋልዱ አየሁ። ቀጥሎ የአስተማሪዬ እጅ ከእጄ ሳይለይ አዋለድኩ። ብቻሽን ቀዶ ጥገና መሥራት ትችያለሽ የተባልኩት ስንቷን እናት ከአስተማሪዎቼ ጋር ሆኜ ከረዳሁ በኋላ ነው። ፈተናም አለው፤ የወደቀ አያልፍም። ዛሬም ቢሆን አንዲት እናት ብትሞትብን ሁላችንም ተሰብስበን ምን አጎደልን ብለን እንመረምራለን። እኔ የለሁበትም ብሎ የሚቀር የለም።»

እትዬ ፈንቴ ይህን ሲሰሙ ዕቃ የሚሸክፈው እጃቸው ዝግ አለ። ቢሆንም ገና አልተረቱም።

«እዚህ ያለው ወንዱ ሐኪምስ? ልጄን ወንድ ሊያያት ነው?»

«ዶክተር አብዱረሕማንን ማለትዎ ነው? የዚሁ የመተማ ልጅ ነው፤ በዚህ ሙያ ስምንት ዓመት ይቀድመኛል። እሱ ሲመረምር አዋላጅ ነርሷ አብራ ትቆማለች። እናትየዋ ካልፈቀደች ደግሞ እኔ አለሁ።»

ከዚያም ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። የሠላሳ ዓመት ልምድ አለዎት። እግሯና ፊቷ ያበጠ፣ ራሷን የሚፈልጣት፣ ዓይኗ ላይ ብዥ የሚልባት ነፍሰ ጡር ገጥማዎት ታውቃለች?» አለች።

እትዬ ፈንቴ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አየሁሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ» አሉ። «እሷንም ሙቀት ነው አልናት። በሦስተኛው ቀን ጥርሷ ገጠመ፤ ተንቀጠቀጠች። መንፈስ ነው ብለን ስናስለምን ዋልን። እሷም፣ በሆዷ ያለውም አመለጡን። አንቺ ተሰብስበን እንመረምራለን አልሽ። እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም፣ ልጄ። ራሴን ግን ስጠይቅ ኖሬያለሁ።»

ሐኪሟ እጃቸውን ያዘች። «እርስዎ አላጠፉም፣ እትዬ። የደም ግፊት በእጅ ተዳስሶ አይታወቅም፤ መለኪያ የሰጠዎትም የለም።»

ተነሥታ ሄዳ መለኪያውን አመጣች። መጀመሪያ የእትዬ ፈንቴን ግፊት ለካች፤ መቶ ሃያ አለ። ቀጥላ የትሁንን ለካች፤ መቶ ሰባ አለ። እትዬ ፈንቴ ቁጥር ማንበብ አይችሉምና እኔ አነበብኩላቸው።

«ይህ ግፊት እርግዝናው ያመጣው ነው» አለች ሐኪሟ። «ሽንቷም ይህንኑ አሳይቷል። ደግነቱ ወሯ ገብቷል። እንዳያንቀጠቅጣትና እንዳይጥላት መርፌ እንሰጣታለን፤ ግፊቱን የሚያበርድ መድኃኒትም አለ። ከዚያ ምጡን እናስጀምራለን።»

ትሁን ዓይኗን ገለጠች። «እናቴ፣ እኔ ልተኛ» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ ፈንቴ የሸከፉትን ዕቃ መልሰው ፈቱ። «እኔም አብሬ ልግባ።»

«ያለ እርስዎማ ማን ያባብላታል?» አለች ሐኪሟ።

ባለቤቴን ደህና ነሽ አሏትና ያን ቀን ወደ ቤታችን ተመለስን። በማግስቱ እናትና ልጁን ልጠይቅ ስሄድ እትዬ ፈንቴን በር ላይ አገኘኋቸው። ድምፃቸው ሰልሏል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

«ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው። «ምጡ መሐል ግፊቱ ሽቅብ ወጣ። ያቺ ልጅ እግር ሐኪም አልደነገጠችም፤ ነርሷን ጠራች፣ መርፌውን ጨመረች፣ ዓይኗን ከትሁን ላይ አልነቀለችም። እኔ ወገቧን ይዤ በርቺ ስላት ዋልኩ። እኔ የማውቀውን እኔ፣ እሷ የምታውቀውን እሷ ሠራን።»

ከዚህ የበለጠ ምን ማስረዳት ይቻላል? የእትዬ ፈንቴ ርኅራኄ ብቻውን የትሁንን ግፊት አያወርድም ነበር፤ የሐኪሟም መርፌ የእናትን እጅ አይተካም። በጊዜ ክትትል የጀመረች እናት ሕመሟ ሳይበረታ ይታወቅላታል፤ ደም ቢፈሳት ደም የሚተካላት፣ ልጇ ቢታፈን የሚደርስለት ሰው አጠገቧ ይኖራል። የልምድ አዋላጆቻችንም አደጋውን ለይተው ቶሎ ይዘው ከመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያካበቱት ክብር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከሦስት ወር በኋላ ኮኪት መንገድ ዳር መኪና ስጠብቅ፣ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር አጠገቤ ቆመ። ተሳቢው ላይ ሣር ተጎዝጉዞ ሦስት ነፍሰ ጡሮች ተቀምጠዋል። መሐላቸው እትዬ ፈንቴ ጥላ ዘርግተውላቸዋል።

«ወዴት ነው እትዬ? ማን ታመመ?» አልኩ ደንግጬ።

«ማንም አልታመመም፤ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ደህና ከሆኑ ለምን ወደ ሐኪም ይሄዳሉ?» አልኳቸው ልፈትናቸው ብዬ።

እትዬ ፈንቴ ሰነፍ ተማሪ እንዳጋጠመው አስተማሪ ትክ ብለው አዩኝ።

«ወይ መምህር! ደህና ሳሉ ነው እንጂ የሚኬደው» አሉና ሾፌሩን በል ንዳ አሉት።