በጭማሪ ሰዓት የደረሰን ጠጠር

ለውድድር የመጣ አንድ የውጭ የእግር ኳስ ቡድን ጁባ እኛ ሰፈር ጉዴሌ፣ ሆቴል አረፈ። በማግስቱ ለአውቶቡሱ ሲባል ከሆቴሉ በር ጀምሮ ጭቃችን ላይ ጠጠር ይደፋ ጀመር። «እንግዶቹ ተሸንፈው ከሄዱ ሥራው ይቆማል» አሉን ሠራተኞቹ።

ከደቡብ ሱዳን ጋር ሲጋጠሙ ጠጠሩ ምግብ ቤቴ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ጋምቤላ ያደገችው ደቡብ ሱዳናዊት ጎረቤቴ ማማ አቾል ለእንግዶቹ ታጨበጭባለች።

«ማማ፣ ያንቺ አገር እኮ ሌላኛዋ ናት!»

«ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ፣ አገሬን እወዳታለሁ። ግን በዚህ መንገድ መጥታ ታውቃለች?»

እኩል ለእኩል ሆነው ጭማሪ ሰዓት ገቡ። የጠጠር መኪናው ሾፌር ሬዲዮውን እየሰማ የመጨረሻውን ጠጠር ደጃችን ላይ ደፋ፤ ወዲያው ደቡብ ሱዳን የማሸነፊያውን ጎል አገባች። አቾል በጠጠሩም በጎሉም እልል አለች።

እግዜር ይስጣቸው፣ አሁን ጫማዬ ጭቃ ሳይነካው ሆቴሉ ድረስ እመላለሳለሁ። እዚያ ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም፤ መንገዱ የሚወስደው ወደዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።