የጥብጣቡ ልክና ግምቱ

ጋሼ ነገራ የነጩን ቀሚስ ጠርዝ በመርፌ እየጠለፉ፣ በመነጽራቸው አናት የልጅ ልጃቸውን ደብተር ይሰልላሉ። ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብላ ባለችው የስፌት ቤታቸው ሰምሀል ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «3.9 ሲባዛ በ6» ከሚለው ጥያቄ ሥር፣ አንድም ቁጥር ሳታሰላ፣ «24 ገደማ» ብላ ጻፈች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም፣ አባባ። ገመትኩ።»

«ገመትኩ!» መርፌያቸው ቆመ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች የምታስጠናውን መምህርት ኢየሩን ድሮም አላመኗትም፤ በነጻ የሚያስተምር ሰው የሚደብቀው ነገር አያጣም ባይ ናቸው። አሁን ግን ቆረጡ፤ ሰምሀል ከእንግዲህ እዚያ አትሄድም።

ስሟን በልባቸው ሲያነሱ ራሷ ኢየሩ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ይዛ ከተፍ አለች።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በይ። ለመሆኑ ልጄን የምታስተምሪያት ሂሳብ ነው ወይስ ጥንቆላ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ገደማ! እኔ የደንበኛዬን ወገብ 'ሰማንያ ገደማ' ብዬ ብሰፋ፣ ሱሪው ታክሲ ሲሳፈር ይወልቅበታል!»

ሰምሀል ሳቋን በደብተሯ ሸፈነች።

«እውነትዎን ነው፤ በግምት አይሰፋም» አለች ኢየሩ በትሕትና። «ግምት ልኩን አይተካም፣ ይጠብቀዋል እንጂ። 3.9 አራት ለመሆን ጥቂት ነው የጎደለው። አራት ስድስት ጊዜ ሃያ አራት፤ ስለዚህ ልኩ ከሃያ አራት ትንሽ ያንሳል። ኋላ ነጥቡን አሳስታ 2.34 ብትጽፍ፣ ወረቀቷን ራሷ ትጠረጥረዋለች።»

መጠርጠር የሚባል ነገር ለጋሼ ነገራ ጆሮ ይጥማል። ቢሆንም በአንድ ቃል የሚረቱ ሰው አይደሉም። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«እንግዲያው ይህን ጠርጥሩልኝ። የሃያ አንድ መዘምራን ቀሚስ ነው፤ የአንዱ ቀሚስ እጅጌዎች 0.48 ሜትር ጥብጣብ ይፈጃሉ። በገዛ እጄ አባዝቼ 100.8 ሜትር ወጣኝ። ጥቅሉም መቶ ሜትር ነው፤ ነገ ማልጄ አንድ ጥቅልና ቁራጭ እገዛለሁ። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።»

ኢየሩ ወደ ሰምሀል ዞረች።

«0.48 ግማሽ ሜትር ሊሆን ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ሃያ አንዱን ሃያ እናድርገው። የሃያ ግማሽ... አባባ፣ አሥር ሜትር ገደማ እኮ ነው!»

«መቶ ነው ያልኩሽ!»

«መቶ ከሆነማ ለአንድ ቀሚስ አምስት ሜትር ሊደርስ ነው። እጅጌው እስከ እንጦጦ ነው እንዴ?»

ጋሼ ነገራ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠጉት። ነጥቡ አንድ ቤት ሸሽቷል፤ ልኩ 10.08 ነበር። ከጥቅሉ ልክ ጋር ስለተቀራረበላቸው ዳግመኛ አላዩትም።

«አይ ነገራ!» አሉ በመጨረሻ። «አገሩን ሁሉ ስጠረጥር የገዛ እጄን ጽሑፍ አመንኩት።»

«ሁላችንም እንዲሁ ነን፣ ጋሼ። ልጅ አስቀድማ ለማስላት ወደሚቀል ቅርብ ቁጥር አጠጋግታ ከገመተች፣ ከዚያም በትክክል አስልታ ሁለቱን ካስተያየች፣ ስህተቷን ማንም ሳይነግራት ታገኘዋለች። ስልኳ የሚሰጣትን መልስም ቢሆን ዝም ብላ አትቀበልም።»

እውነትም ገምቶ የሚያሰላ ሰው ሁለት ምስክር አለው፤ ሳይገምት የሚያሰላ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ራሱ ነው።

«ቅዳሜ እኔው አመጣታለሁ» አሉ ጋሼ ነገራ። ዓይናቸውን ግን አጠበቡ። «ግን ለምንድነው በነጻ የምታስተምሪው?»

«ቤት ብቻዬን ስውል ይጨንቀኛል።»

መልሱን መረመሩት፤ የሚነቀፍ አጡበት። 100.8ን ሰርዘው 10.08 ብለው ጻፉና ወረቀቱን ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሰኩት።