ሀቢባ ደፋች የተባለው ውሃ

ሰምሃል ኢምፔሪያል ጋ ከታክሲ ስትወርድ ከአጎቷ ከጋሽ ዘርአይ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ጋሽ ዘርአይ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው፣ የታጠፈ ወረቀት ጨብጠው ወደ ገርጂ ይገሰግሳሉ። ወላጆቿ መቀሌ ስለሆኑ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እሳቸው ቤት ተቀምጣ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አባቷም ዳኛዋም እሳቸው ናቸው።

«ደህና ዋሉ ጋሼ? ወዴት ነው እንዲህ የሚቸኩሉት?»

«ደህና ዋልሽ ልጄ? ሀቢባን ከቤቴ ላስወጣ ነው፤ ያቺን ምግብ ቤት የከፈተችውን ተከራዬን። ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ እየደፋች የጎረቤቷን የተስፉን ልብስ ስፌት ቤት አበሰበሰችው። ሦስት ጊዜ ለሽምግልና ተቀመጥን፤ ሦስቴም ‹ወላሂ እኔ አይደለሁም› ብላ ካደች። አንቺስ ከየት ነው?»

«ከፍልስፍና ትምህርት።»

ጋሽ ዘርአይ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። ምክንያት አላቸው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የትምህርት ክፍል መርጠው ፎርም የሚመልሱት ሰኞ ነው። እሳቸው አካውንቲንግ ብለው ቆርጠዋል፤ የሰምሃል ልብ ግን ፍልስፍና ላይ ወድቋል። ያለ እሳቸው ፈቃድ መሙላት ደግሞ አልሆነላትም።

«እስኪ ንገሪኝ፣» አሉ እየተራመዱ፣ «ይኸ ፍልስፍና ምን ያስተምራል? ከሽማግሌ ጋር መከራከር ነው? በእኛ ጊዜ ተማሪ መምህሩ ያለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።»

«እኔም እንደዚያው ነበርኩ ጋሼ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እየሸመደድኩ አንደኛ ወጣሁ። መምህር ሙሉአለም በመጀመሪያው ቀን ‹በእርግጠኝነት የምታውቁትን አንድ ነገር ጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ እንዴት እንዳወቃችሁት› አሉን። የመጀመሪያውን ወዲያው ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ላይ ብዕሬ ቆመ። ያን ቀን አፈርኩ። አሁን ግን ያ ክፍለ ጊዜ እስኪደርስ ነው የሚጨንቀኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምገባው።»

መቼም እኛ ዘንድ ጎበዝ ተማሪ የሚባለው የተሰጠውን ሳያንጠባጥብ የሚመልሰው ነው። «እንዴት አወቁ?» የሚል ልጅ ስድ ይባላል። ሰምሃልም ጥያቄውን ክፍል ውስጥ ደፍራ ለመናገር አንድ ወር ፈጅቶባታል፤ አጎቷ ፊት ደግሞ ሞክራው አታውቅም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ሀቢባ መሆኗን በምን አወቁ?»

«ተስፉ ነገረን እንጂ! እሷ ዕቃ ባጠበች ቁጥር ግድግዳው ይርሳል።»

«ወደ ግድግዳው ስትደፋ ያየ አለ?»

«ያየስ የለም።»

«ሽማግሌዎቹስ ግድግዳውን ሄደው አዩት?»

«ሽምግልና ካፌ ቁጭ ተብሎ ነው እንጂ ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ እርምጃቸው ግን ቀዝቀዝ አለ።

«ሁለት ነገሮች አብረው ስለሆኑ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም፤ ይህን ነው የተማርነው። የማስለቀቂያውን ወረቀት ከመስጠትዎ በፊት አንዴ እንየው።»

«እሺ፣ እንየው። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ግን ሰኞ አካውንቲንግ ብለሽ ትሞያለሽ፤ ክርክር የለም።»

ሰምሃል ፈራች፤ ቢሆንም «እሺ» አለች።

ገርጂ ደረሱ። ሀቢባ ወረቀቱን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተስፉ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጥቶ «ይኸው፣ ዛሬም!» እያለ የራሰውን ግድግዳ አሳየ። ሰምሃል ሁለቱንም ሰላም አለችና፣ «ሀቢባዬ፣ እስኪ ሁልጊዜ የምትደፊበት ቦታ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፊልኝ፣» ብላ ለመነቻት። ሀቢባ ደፋች። ውሃው ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረደ እንጂ ወደ ተስፉ በኩል ጠብታ እንኳ አልሄደም።

ተስፉ ራሱን አከከ። «ታዲያ ይኸ ከየት መጣ?»

«መቼ መቼ ነው የሚርሰው?» አለች ሰምሃል።

«ማክሰኞና አርብ።»

«የቧንቧ ውሃ የሚመጣው እኮ ማክሰኞና አርብ ነው፣» አለች ሀቢባ። «እኔም ዕቃ የምከምረውና የማጥበው ለዚያ ነው።»

ይኼኔ አራቱም በጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ገብተው ቀና አሉ። ጣሪያው ላይ ያለው የጋሽ ዘርአይ የውሃ ታንከር ሞልቶ በጀርባው ይፈሳል፤ ውሃው ግድግዳውን ይዞ ተስፉ ቤት ሥር ይወርዳል።

ጋሽ ዘርአይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወረቀቱን ቀደዱት።

«ሀቢባ፣ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ጊዜ ስፈርድብሽ አንዴ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ በአላህ ጋሼ!» አለች ሀቢባ፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ። እያለቀሰች ትስቃለች። ተስፉም በሀፍረት አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቃት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰምሃል ደስታዋን ለመደበቅ ብትሞክርም ፊቷ እምቢ ብሏታል።

«ፍልስፍና ልጅን በሽማግሌ ላይ ያስነሳል ብዬ ነበር፣» አሉ ጋሽ ዘርአይ። «ዛሬ ግን አንዲት ምስኪን ከምትለፋበት ሳትፈናቀል ቀረች፤ ሁለት ጎረቤት ታረቀ፤ እኔም በደል ተሸክሜ ከመተኛት ዳንኩ። ከእንግዲህ ቦታው ሳይታይ፣ የሁለቱም ወገን ቃል ሳይመረመር እኔ ባለሁበት አይፈረድም። ለእነ ፍስሃም፣ አብረውኝ ለሚሸመግሉት ሁሉ፣ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። አንቺም ሰኞ የወደድሽውን ሙዪ።»

«አባዬ ቢቆጣስ ጋሼ? ‹ፍልስፍና ምን ይጠቅማል?› ማለቱ አይቀርም።»

«እኔ እደውልለታለሁ፣» አሉ ጋሽ ዘርአይ። «ያየሁትን እነግረዋለሁ።»