የወይዘሮ ዓሲያ ስምንት ኪሎ

ወይዘሮ ዓሲያ ከሆስፒታሉ በር የወጡት በንዴት እየጋዩ ነበር። ሐኪሙ ገና ጺም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ጉልበታቸውን እያጠፈ እየዘረጋ አየ፣ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ ሚዛን ላይ አቆማቸው፤ ከዚያም ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «እናቴ፣ ክብደት መቀነስ አለብዎት» ብሎ ሸኛቸው። ይህችን ቃል ነው ከሻርፓቸው ጫፍ ጋር አብረው እየጠመዘዙ ወደ መንገዱ የወጡት።

በሩ ላይ ከሀናን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሀናን የታላቅ ወንድማቸው የዓብዱረሕማን ልጅ ናት። ጽጽቃ ላይ በጤና መኮንንነት ትሠራለች፤ ያን ሰሞን ለሥልጠና ሰቆጣ መጥታ ነበር።

«አክስቴ! ምነው፣ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ። ደኅና በመሆኔ ነው የተቆጡኝ። ክሺ አሉኝ፤ ሰማሽ? ክሺ!»

ሀናን ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ክሱ ሳይሆን ትንሽ ይቀንሱ ማለታቸው ነው» አለች። «ጉልበትዎ እኮ እየተሸከመ ያለው ከአቅሙ በላይ ነው። ደግሞ ዘንድሮ ከአባቴ ጋር ሐጅ ይሄዳሉ። ካዕባን ሰባት ጊዜ መዞር አለ፣ በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል መመላለስ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ግፊያው አለ። ቁመትዎና ክብደትዎ ሲሰላ...»

«እኔን እንደ ስኳር ኩንታል አታስዪኝ! ስሚ፤ በሰባ ሰባት ያሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባትሽን ጠይቂው። ከዚህ ተነሥተን ቆረም ድረስ በእግራችን ስንሄድ ታናሽ እኅታችንን እናቴ አዝላት ነበር። እናቴ ጀርባ ላይ ሆና በየቀኑ እየቀለለች ሄደች። ቆረም ስንደርስ እናቴ ያዘለችው ጨርቅ ይሁን ልጅ አታውቅም ነበር። ክብደት መቀነስ ማለት ለእኔ ያ ነው። ይሄ አገር ሰው ለመክሳት ሐኪም ዘንድ የሚሄድበት አገር ነው? አታፍሩም?»

መንገደኛው ዞር ዞር እያለ አያቸው። ሀናን መልስ ፈለገች፤ ከተማረችው ሁሉ ለዚህ የሚሆን አላገኘችም። እዚህ ላይ በማንኛቸውም መፍረድ አስቸጋሪ ነው። ልጅቱ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ወይዘሮዋም አልዋሹም፤ ረሃብን በዓይኑ ያየ ሰው ሞልቶ የተረፈ ሰውነቱን እንደ ዋስ ይቆጥረዋል፤ ዋሱን አስረክብ ሲሉት ይቆጣል። ሁለቱም እውነት ይዘው፣ ሁለቱም ተቀያይመው ተለያዩ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። በዚያው ሳምንት አርብ፣ ሐጅ የሚሄዱት ሰዎች ስለ ጉዞው ሊመካከሩ ዓብዱረሕማን ቤት ተሰበሰቡ። ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ሻንጣው ሲወራ ቆይቶ አንዱ «ለደካሞች እንዴት እናደርጋለን?» ብሎ ጠየቀ።

ዓብዱረሕማን ክፉ ሰው አይደሉም፤ አፋቸው ግን ይቀድማቸዋል። «እኅቴን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምናስገፋት» አሉ። «የሚገፋት ጎበዝ ከተገኘ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወይዘሮ ዓሲያም አብረው ሳቁ፤ ነገሩ ግን ከነከናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቅ ከፍተው፣ ልጃቸውን ሐይደርን አሳድገው ለወግ ማዕረግ ያበቁ፣ የማንንም እጅ ያላዩ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አላህ ቤት ተገፍቶ ይግባ? «ወላሂ፣ አንድ ወር ስጡኝ! ሠላሳ ኪሎ አራግፌ ካልመጣሁ ዓሲያ አትበሉኝ!» ብለው ተነሥተው ወጡ።

ሠላሳ ኪሎን ከየት አመጡት? ገበያው ዳር በሞንታርቦ የሚጮኽ አንድ መድኃኒት አዟሪ ነበር፤ «በአንድ ወር ሠላሳ ኪሎ!» እያለ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ይሸጣል። ወይዘሮ ዓሲያ የክብደት መቀነስን ወሬ እንደ ስድብ የሚቆጥሩት ሴት፣ በንዴት ብቻ ዱቄቱን ገዙ። ጠዋትና ማታ በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። እህል በቀን አንዴ፣ እሱንም ጉርሻ ታህል። የግፊት ኪኒናቸውንም «ዱቄቱ ይበቃል» ብለው ተዉት። ሱቃቸው ውስጥ ባለው የኩንታል ሚዛን ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ይወጣሉ። ሲወርድላቸው ጊዜ «ይሄው! ይሄው!» እያሉ ባዶ ሱቅ ውስጥ በሌሉበት ከወንድማቸው ጋር ይጣላሉ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ገበያተኛ በተሰለፈበት፣ ዘይት ሊያወርዱ እጃቸውን እንደዘረጉ ዓይናቸው ጨለመባቸው፤ ከስኳር ጆንያዎቹ ላይ ተደፉ። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው። ግሉኮስ ተተከለላቸውና አድረው ወጡ።

ሀናን ነገሩን ሰምታ በማግሥቱ ከጽጽቃ ደረሰች። አክስቷ ቤታቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ከራስጌያቸው የላስቲክ ቋጠሮው ተቀምጧል። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ቋጠሮውን አነሣችው፣ ከፍታ አሸተተችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው። ሰባት ኪሎ አውርዶልኛል።»

«ሆድ የሚያስቀምጥ ነው! ያወረደልዎት ውሃ ነው እንጂ ስብ አይደለም። ትናንት ግሉኮስ ሲገባልዎት ግማሹ ተመልሷል።»

«አንቺ አይደለሽ ቀንሺ ያልሽኝ? ቀነስኩልሽ! አሁን ደግሞ ምን ትሆኚ?»

«ይቀንሱ አልኩ እንጂ ይሙቱ አላልኩም!»

ሀናን እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ወይዘሮ ዓሲያ ደንግጠው ቀና አሉ። ልጅቱ ግን ከጀመረች በኋላ መመለሻ አጣች።

«የዚያን ቀን በር ላይ ስለ አክስቴ፣ ስለዚያች ሕፃን ሲነግሩኝ መልስ አጣሁ። ዛሬ አለኝ። እሷ የቀለለችው የምትበላው ጠፍቶ ነው። እናትዎ አንዲት ቁራሽ ቢያገኙ አፏ ውስጥ ይከቱላት ነበር። እርስዎ ግን ሱቅ ሙሉ እህል ይዘው፣ በገዛ እጅዎ፣ ለዱቄት ከፍለው ሰባ ሰባትን ቤትዎ አስገቡት! እኔ ረሃብ አላዘዝኩም። ረሃብ ሌላ፣ ልክ ሌላ!»

ወይዘሮ ዓሲያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ሀናን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮዋ ሳይዞሩ፣ «አባትሽ ነው ያዋረደኝ» አሉ።

«አባቴን እኔ እነግረዋለሁ። ከእርስዎ ጋር ግን እንነጋገር። ይሄ ሰውነት በስንት ጊዜ ነው የመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሐይደርን ከወለድኩ ወዲህ ነው።»

«ሐይደር ሠላሳ ሊሞላው ነው። በሠላሳ ዓመት የመጣ በአንድ ወር ይሂድ ይላሉ?»

«ታዲያ ስንት ልቀንስ? ንገሪኛ!»

«እስከ ጉዞው አራት ወር አለን። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃዎታል። በጠቅላላው ስምንት ኪሎ።»

ወይዘሮ ዓሲያ ከነሕመማቸው ተነሥተው ቁጭ አሉ። «ስምንት! ጨርሰሽ አፌዝሽብኝ! በጉባኤ ፊት ሠላሳ ብዬ ምዬ፣ ስምንት ይዤ ልቅረብ? ከዚህ ገላ ላይ ስምንት ኪሎ ቢነሣ ማን ያውቃል?»

«ጉልበትዎ ያውቃል።»

«ጉልበቴ አይናገርም!»

«ይናገራል፤ እርስዎ ነዎት የማይሰሙት!»

እንዲህ ሲመላለሱ ዋሉ። ሀናን በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች፤ ወይዘሮዋ እህል መብላት ጀምረው፣ ኪኒናቸውን ጀምረው፣ ሱቅ ተቀምጠው ነበር። ሰላም ከተባባሉ በኋላ ልጅቱ ምንም ሳትናገር በከረጢት ስኳር መዘነችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ስምንት ኪሎ ነው። ይዘውት ይነሡ።»

ወይዘሮ ዓሲያ እንደ መሳቅ አሉና ሊነሡ ሞከሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። እንደገና ሞከሩ፤ ባንኮኒውን ተደግፈው ብድግ ሲሉ ፊታቸው ቀላ፣ ላባቸው ችፍ አለ። ተመልሰው ተቀመጡ። ሀናን ከረጢቱን ወሰደችላቸውና «አሁን ይነሡ» አለች። ተነሡ። ቆመው ከረጢቱን ብዙ አዩት።

«ይሄን ነው እንግዲህ ማንም አያውቀውም ያሉት። ቀን ሙሉ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት መስጊድ ይዘውት ነው የሚዞሩት። ሠላሳው ባይወርድ ምንም አይደለም። ይሄን ብቻ እዚህ ትተውልኝ ይሂዱ።»

ወይዘሮዋ ከረጢቱን በእግራቸው ገፋ አደረጉና፣ «አንቺ ልጅ ነገርሽ መራራ ነው» አሉ። «በይ፣ ምንድን ነው የማደርገው?»

ሀናን ነገረቻቸው። ከሚበሉት ፈጽሞ የተከለከለ የለም፤ ልኩ ነው የሚስተካከለው። በየብርጭቆው አምስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ሻይ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ከምሳ ጋር የሚከፈተው ለስላሳ ይቀራል። ትሪው ላይ እንጀራው ቀነስ፣ ጎመኑና ምስሩ ጨመር ይላል። ጠዋት ጠዋት ጉልበት እስከፈቀደ ብቻ የእግር መንገድ፣ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር። ኪኒና እንዳይቋረጥ። ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት። «በየሰዓቱ እየወጡ ከሚዛን ጋር አይጣሉ፤ ሚዛኑ አይሰማም» አለቻቸው።

ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። ስኳር የቀነሱ ሰሞን ከደንበኛ ሁሉ ጋር ጠብ ጠብ ይላቸው ነበር። ረመዳን ገባ፤ ማታ ማታ በየዘመዱ ቤት ሳንቡሳው ይቀርባል፣ አልበላም ማለት ነውር ይሆናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ወይዘሮ ዓሲያ ስልክ አንሥተው ጽጽቃ ደወሉ።

«ውሸታም ነሽ! ግማሽ ኪሎ በሳምንት አልሽ፤ የታለ?»

«አልጨመሩም?»

«አልጨመርኩም።»

«በረመዳን፣ በዚያ ሁሉ ሳንቡሳ መካከል አለመጨመር ትንሽ ነገር ነው? አክስቴ፣ አንዳንድ ሳምንት ይወርዳል፣ አንዳንዱ ይቆማል። ሲቆም ከተዉት ግን ያን ጊዜ የወረደውም ይመለሳል። እስከ የት ይራመዳሉ አሁን?»

«እስከ ከብት ገበያው።»

«ስንት ጊዜ ያርፋሉ?»

ወይዘሮዋ ሲያስቡት ለካ ማረፍ ከተዉ ሰንብተዋል። ይህንን ለልጅቱ ለመንገር ግን ኩራታቸው አልፈቀደም፤ ስልኩን ዘጉባት።

የመሄጃው ሳምንት ሲደርስ ሚዛን ላይ ወጡ። የወረደው ስድስት ኪሎ ተኩል ነበር። ለጎደለው ለኪሎ ተኩል ቀኑን ሙሉ ተቆጡ፤ ለሀናን ነገሯት፤ ሀናን «ኪሎ ተኩሉን ከሐጅ መልስ እናገኘዋለን» ብላ ሳቀችባቸው። የዚያን ዕለት ማታ ግን አንድ ነገር ሆነ። ጉልበታቸው ካመማቸው ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት። ያን ማታ ወንበሩን ሳይስቡ ቆሙ፤ ጎንበስ አሉ፤ ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ። በገዛ እጃቸው ተደግፈው ተነሡ። ማንም አላያቸውም። ብቻቸውን አለቀሱ።

ሐጁን በእግራቸው አደረጉት፤ አረፍ እያሉ፣ በግፊያው ሰዓት ሳይሆን ቀለል ሲል። ዓብዱረሕማንም ከጎናቸው ነበሩ፤ በልጃቸው ፊት ይቅርታ ከጠየቁ ወዲህ አፋቸው ረጋ ብሏል።

በሐምሌ፣ እንኳን ደኅና መጡ ሊሉ ከሚመጡት መካከል ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ነበሩ፤ የቄስ ገብረ አምላክ ባለቤት። ሴትየዋ ወይዘሮ ዓሲያን ከላይ እስከ ታች ሲያዩ ቆይተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጉዳያቸውን አወጡት።

«ዓሲያ፣ የልጄ የኤደን ሠርግ በጥቅምት ነው። ሃያ ኪሎ ልቀንስ አስቤአለሁ። ፍልሰታን እንዳለ ውሃ ብቻ እየጠጣሁ...»

«ምን አልሽ?» ወይዘሮ ዓሲያ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ሬሳሽ ነው ልጅ የሚድረው? ጾምሽን እንደ ወጉ ጹሚ፤ ስታፈርሺ እንደ ሰው ብዪ! ሦስት ወር ነው ያለሽ፤ ስድስት ኪሎ።»

«ስድስት ብቻ?» ወይዘሮ ወለተ ሐና ቅር አላቸው። «አንቺስ ስንት ቀነስሽ?»

«ስድስት ተኩል። እና ምን ሆንኩ? ግፊቴ ወረደ፣ ሐኪሙ ራሱ ኪኒናዬን ቀነሰው። ሌሊት ሳልታፈን እተኛለሁ። ጆንያ ለማስወረድ ሰው አልጠራም። ሠላሳ ያልኩ ጊዜ ሆስፒታል ነው ያደርኩት፤ ስምንት ስል መካ ደረስኩ! በአንድ ወር እሆናለሁ ያለ በወሩ መጨረሻ ያፍራል፣ አፍሮ ይተዋል፣ ትቶ ከበፊቱ ይብሳል። የሚደረስበትን የያዘ ግን ይደርሳል፤ ደርሶ ሌላ ይጨምራል። ይሄን ለማወቅ መውደቅ ነበረብኝ። አንቺ ለምን ትወድቂያለሽ?»

«እሺ፣ ምን ያስቆጣሻል...»

«እንዴት አልቆጣ! ልጅሽን ቆመሽ እንድትድሪ ነው የምቆጣው።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አልተቀየሙም። ትንሽ አሰቡና፣ «ከመቼ ልጀምር?» አሉ።

«የሚመች ጫማ አለሽ?»

«የልጄ አለ።»

«ሂጂና አድርገሽ ነይ። ዝናቡ ሳይመጣ እንሂድ።»